ድምፅ የሌለው በረራ

ደብረ ብርሃን ለሞዴል አውሮፕላን አስቸጋሪ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፍን የሚሸከመው አየር ነው፤ ፕሮፔለርም የሚቀዝፈው ያንኑ አየር ነው። ሲሳሳ ሁለቱም አቅም ያጣሉ። ለጠረፍ አገር ታስቦ የተሠራ ሞዴል እዚህ መጥቶ እንዳይወድቅ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር ይኖርበታል። የአዲስ አበባው ቦሌ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ እስከ 3800 ሜትር የሚረዝምበት አንዱ ምክንያትም የከተማዋ ከፍታ ነው። ትልቁን አውሮፕላን ያስቸገረ ነገር ትንሹን አይምረውም። በዚያ ላይ ንፋሱ አለ፤ ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ከቀትር በኋላ ያለውን ንፋስ እንድነግረው አይፈልግም።

እኔ በልጅነቴ የጀመርኩት ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው። እኛ ጋ የሚበቅለው ገብስና ባቄላ ነው፤ አገዳ የሚመጣው ከቆላ፣ ከአልዩ አምባና ከሸዋ ሮቢት በኩል ነው። ጥንቅሽ ሲመጣ ሌላው ልጅ አኝኮ ይተፋዋል፤ እኔ የደረቀውን አገዳ እለቅም ነበር። ልጣጩ ጠንካራና ተጣጣፊ ስለሆነ ለክንፍ አጥንት ይሆናል፤ ነጩ ልብ ደግሞ ለገላው። በላዩ የደብተር ወረቀት በሊጥ እለጥፋለሁ፤ አፍንጫው ላይ ጭቃ አደርጋለሁ። ሩቅ አይሄድም። ግን አንዳንዴ፣ ንፋሱ ገና ባልተነሣበት ማለዳ፣ ከእጄ ወጥቶ ለጥቂት ሰከንድ ሳይናጥ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ የምሆነውን የሚያውቅ የሠራ ሰው ብቻ ነው።

ደሞዝተኛ ስሆን ዕቃው መጣ። ዘመድ ከውጭ ሪሞት፣ ትንሽ ሞተርና ሰርቮ አመጣልኝ፤ ክንፉን በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ቆረጥኩ። ከቅዳሴ በኋላ ከከተማው ወጣ ብዬ፣ እረኞች ከበውኝ፣ ለዓመታት ደስ ብሎኝ አበረርኩ።

ከዚያ ፍላጎቴ ተዳከመ። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ባትሪው አረጀ፤ ምትኩ ገበያ ላይ የለም፤ በራሪ ዕቃ ማስገባትና ማብረርም የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዕቃ ማጣት ብቻውን ሰውን ከሚወደው ነገር አይለየውም። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ የሌላ አገር ሰዎች ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የጄት ሞዴል ሲያበሩ አያለሁ፤ ጠዋት የራሴን ፎም አንሥቼ ለመለጠፍ እጄ አይታዘዘኝም። የማየው በበዛ ቁጥር የምሠራው አነሰ።

ዋናው ምክንያት ግን ይህም አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ጦርነት አለ። ሰሜን ሸዋም አልተረፈም። በድሮን ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች በክልሉ መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በሪፖርቶቹ አስፍሯል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ የሚጮህ ነገር ከሜዳ ላይ ማስነሣት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከላይ ድምፅ ሲሰማ እናት ልጇን ጠርታ ቤት የምታስገባበት ዘመን ነው። ያንን ድምፅ ለጨዋታ ብዬ በማንም ጆሮ ላይ አላሰማም። ሪሞቱን ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። የሞተሩን ድምፅ እኔም ጠላሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው ሰው ቀና ብሎ ሰማይ ስላየ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው እዚህ ከተሙ፤ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ቀና ማለት ሲያስፈራ ለደብረ ብርሃን ልጅ የተለየ ሕመም አለው።

በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ»ን መለሰች። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች አነስተኛ አውሮፕላን ናት። በ1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ በተጀመረበት በዚያው ዓመት መብረሯን አስቡት። ወራሪው ጦር ማርኮ ወሰዳት፤ ኋላም ጣሊያን ውስጥ በአየር ኃይል ሙዚየም ቆየች። ፎቶግራፏን ስልኬ ላይ እያጎላሁ አየሁ፤ ክንፏ ከገላዋ የሚገናኝበትን፣ ጅራቷን፣ ጎማዋ የታሰረበትን። ከስንት ጊዜ በኋላ አውሮፕላንን በሠሪ ዓይን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከእሷ ሐሳቤ ወደ አስመላሽ ዘፈሩ ሄደ። አስመላሽ አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመቱ በ1 ሴንቲ ሜትር አነሰ ተብሎ የቀረ፣ በሕብረተሰብ ጤና የተመረቀ ሰው ነው። መጽሐፍ እያነበበ፣ ዩቲዩብ እያየ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠራ። ኬ-570ኤ አላት፤ ኬ ከእናቱ ከኪሮስ ስም የመጣ ነው፣ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀበት ቀን። በ2007 ዓ.ም. ሊያስነሣት ሲሞክር ፕሮፔለሯ ተሰበረ። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ እዚህ ላይ ይጀምርና እዚሁ ይጨርሳል። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነው፤ ከ570ው ቀን መካከል ማንም ያላየው፣ ጋዜጠኛ ያልመጣበት፣ አንድ ብረት ልኩ አልመጣ ብሎ የመሸበት ቀን። በዚያ ቀን ያጸናው ምንድን ነው? እኔን ያደከመኝ ያው ዩቲዩብ ለእሱ ትምህርት ቤት ሆኖታል። ልዩነቱ እሱ ያየውን ወዲያው ወደ እጁ ማውረዱ ነው። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት አውሮፕላኗ በመነሣቷና ባለመነሣቷ አይለካም።

ከዚህ በኋላ ለዘመድ ተዝካር አንኮበር ሄድኩ። ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጋው እዚያ ድንገት ይቆረጥና ቆላው ከሥር እስከ አፋር ይዘረጋል። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ አሞራዎቹ ይህን ያውቃሉ። ያ አጥንት ከከፍታ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ ጢማም አሞራ አለ፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ሊደርስ ይችላል። አንድም ጊዜ ሳያራግብ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ መጣ፤ ከቆምኩበት ዝቅ ብሎ ስላለፈ ጀርባውን አየሁት። ጅራቱን ትንሽ ያዘነብላል፣ የክንፉን ጫፍ ትንሽ ያጣምማል፣ በቃ ዞረ። ተመልሶ መጣ። ለምግብ እስኪጠሩኝ ድረስ ከዚያ አልተነሣሁም። ሞተር የለም፤ ድምፅ የለም፤ ያለው ሚዛን ነው። እኔም ልጅ ሆኜ በጭቃና በአገዳ ስፈልገው የነበረው ይህንኑ ነበር።

የሞዴል አውሮፕላን ታሪክም የጀመረው ያለ ሞተር ድምፅ ነው። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በ1871 እ.ኤ.አ. የተጠመዘዘ ላስቲክ ፕሮፔለሯን የሚያዞርላት ትንሽ አውሮፕላን ፓሪስ ላይ ሰው ፊት አበረረ፤ በረራው 11 ሰከንድ ያህል ቆየ። ጅራቷ ሚዛኗን ራሱ እንዲጠብቅ አድርጎ ነው የሠራት። በ1878 እ.ኤ.አ. ደግሞ የራይት ወንድማማቾች አባት በፔኖ ንድፍ የተሠራ፣ በላስቲክ የሚነሣ መጫወቻ ለልጆቹ ገዝቶ ገባ። ልጆቹ ዊልበርና ኦርቪል ናቸው፤ የበረራ ፍቅራችን ከዚያ መጫወቻ ጀመረ ብለው ራሳቸው ተናግረዋል።

ዛሬም አዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚበር የሞዴል ዓይነት አለ። ክብደቱ ጥቂት ግራም ነው፤ በላስቲክ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ የቆዩ አሉ። ሪሞት የለውም፤ ካሜራ የለውም፤ ከጣሪያ በላይ አይወጣም። ይህን ሳነብ ለእኛ ዘመን የሚሆነው ይህ ነው አልኩ። የማውቀው መምህር የትምህርት ቤቱን አዳራሽ አስፈቀደልኝ፤ ሣጥኔን ከፍቼ ሪሞቱን ትቼ ምላጬን አወጣሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ክንፉ ከቀጭን የአገዳ ልጣጭ ይታጠፋል፤ የሚለብሰው በጣም ስስ ፌስታል ነው። የፕሮፔለሩ ምላስ ከሃይላንድ ጠርሙስ ጎን በሰያፍ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጠርሙሱ ራሱ ክብ ስለሆነ ጠመዝማዛውን ቅርጽ ይዞ ነው የሚመጣው። ለላስቲክ መጀመሪያ የብስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ ቀድጄ ነበር፤ ይከብዳል። ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ተቀጣጥሎ ይሻላል። አየራችን ስስ ስለሆነ ኮላ እንኳ በጠብታ ነው የሚቆጠረው። ከዚያ ማስተካከል ይመጣል። አፍንጫው ከፍ ብሎ ከዚያ ከተደፋ ፊቱ ቀሏል ማለት ነው፤ ትንሽ ሰም ይጨመራል። ወደ ግራ ከዞረ ጅራቱ በትንሹ ይጣመማል። ደግሞ ይለቀቃል። ደግሞ ይታያል። ይህ ነው የጠፋብኝ ደስታ፤ ማስተካከልና መልቀቅ፣ መልቀቅና ማስተካከል። ስታበሩት ከሰው እርምጃ ብዙም አይፈጥንም፤ ከሥሩ እየተራመዳችሁ ፕሮፔለሩ ሲዞር መቁጠር ሁሉ ትችላላችሁ። ልጆቹ እፍ እንዳይሉበት አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚከተሉት። አንዲት ተማሪ የእኔን አይታ በሳምንቱ የራሷን ሠርታ መጣች፤ ክንፏ ከእኔ የሰፋ ነበር፣ የእሷ ከእኔው በላይ ቆየ።

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ደብረ ሲና ያላችሁ የፊዚክስና የሥነ ጥበብ መምህራን፣ አዳራሽ ወይም ሰፊ ክፍል ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ክፈቱላቸው። መስኮቱን ዝጉት፤ ንፋስ አይወድም። ውጭ አገር ያላችሁ ወንድምና እህቶቼ፣ ስትመጡ ድሮን አታምጡልን፤ ለሞዴል የሚሆን አንድ ጥቅል ላስቲክና በግራም የሚመዝን ትንሽ ሚዛን ይበቃናል። አገዳውን፣ ፌስታሉንና ምላጩን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ፈቃደኛ የሆነ ትምህርት ቤት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።