ከብሩ ጋራ የተላከ ቃል

ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ጥቂት ቀናት ቀደም ብዬ ከዋሽንግተን ወደ ደሴ ደወልሁ። ያን ጊዜ ወደ አገር ቤት የምንደውለው ከሐበሻ ሱቅ በምንገዛው ካርድ ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ አስቀድማ ጤናዬን ጠየቀችኝ። እኔ ግን የደወልሁት ስለ ምርጫው ነው። ማንን መምረጥ እንዳለባት ነገርኋት፤ እንዳትሳሳትም የምርጫ ምልክቱን ደጋግሜ ገለጽሁላት። ካርዱ ሊያልቅ ሲል፣ «ብሩን ሰኞ እልካለሁ፤ የነገርሁሽን ግን አደራ» አልኋት።

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ «ልጄ፣ ብሩ የሚመጣው ለእኔ ነው ወይስ ለድምፄ?» አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት ካርዱ አለቀ። ሰኞ ብሩን ላክሁ። ጥያቄዋ ግን ሳይመለስ ዓመታት አለፉ።

ያስታወሰኝ ስለ ጣሊያን ያነበብሁት ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል 18 ቀን 1948 ጦርነት ያደቀቃት ጣሊያን ድምፅ ልትሰጥ ስትሰናዳ፣ አሜሪካ የኮሚኒስቶችና የሶሻሊስቶች ግንባር እንዳያሸንፍ ቆርጣ ተነሣች። ሲአይኤ ለክርስቲያን ዴሞክራቶች በስውር ገንዘብ ሰጠ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ማርሻል ኮሚኒስቶች ከተመረጡ እርዳታው እንደሚቆም በአደባባይ አስታወቁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የደብዳቤው ነገር ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ጣሊያናውያን አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻቸው እንዲጽፉ ተቀሰቀሱ። መጻፍ ለተሳነውም ቃሉ አስቀድሞ የታተመ፣ ፊርማ ብቻ የጎደለው ደብዳቤ ተዘጋጀለት። ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዳንዶቹ፣ ኮሚኒስቶች ካሸነፉ ከእኛም ገንዘብ አትጠብቁ የሚሉ ነበሩ።

ይህን ሳነብ የገዛ ድምፄን የሰማሁ መሰለኝ። እኔን ማንም መንግሥት አላዘዘኝም፤ ቃሉ ግን ያው ነበር።

ፍርሃታቸው ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ኮሚኒስቶች ፕራግ ላይ ሥልጣኑን ጠቅልለው ይዘዋል። ሞስኮም ለጣሊያን ኮሚኒስቶች ገንዘብ ትሰጥ ነበር። ባላንጣ እጁን ሲያስገባ እጅን አጣጥፎ ማየት ሞኝነት ነው የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኔም በ1997 እውነት ከእኔ ጋራ ናት ብዬ አምን ነበር፤ ምናልባትም ነበረች።

ዳሩ ግን አንድ ጊዜ የሠመረ ዘዴ ልማድ ይሆናል። ተመራማሪው ዶቭ ሌቪን ከ1946 እስከ 2000 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት፣ ኋላም ሩሲያ፣ በሌሎች አገሮች ምርጫዎች 117 ጊዜ ጣልቃ እንደገቡ ቆጥሯል። በ1964 ኤድዋርዶ ፍሬይ የቺሊን ፕሬዚዳንትነት ላሸነፉበት ዘመቻ ከዋለው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ከሲአይኤ የመጣ ነበር። ይህን በ1975 ይፋ ያደረገው የራሷ የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ነው፤ እጩው ራሳቸው ስለ እርዳታው እንዳልተነገራቸውም ዘገባው ጽፏል። መራጩ አያውቅ፣ ተመራጩ አያውቅ፤ የሚያውቀው ባሕር ማዶ የተቀመጠው ከፋይ ብቻ ነው። በ1970 ሕዝቡ ሳልቫዶር አየንዴን ሲመርጥ ዋሽንግተን ምርጫውን ለማክሸፍ ሞከረች። በ1973 የጦር ኃይሉ መንግሥቱን ገለበጠ፤ የፒኖቼት አገዛዝም እስከ 1990 ዘለቀ። የዚያን ዘመን ዋጋ የከፈለው ቺሊያዊው ነው።

መንግሥታት ስለ ሌላው አገር ምርጫ አንደበታቸውን ይዝጉ አልልም። በግብዣ ታዛቢ መላክ፣ ድምፅ ሲሰረቅም ተሰረቀ ብሎ በግልጽ መናገር ይገባል። ይህ የመራጩን ቃል መጠበቅ ነው። በስውር ብርና በእንጀራ ማስፈራሪያ ማን ይመረጥ ብሎ መወሰን ግን ቃሉን ከአፉ መንጠቅ ነው። ምክንያቱ መልካም ቢሆን እንኳ፣ ወሳኙ ሌላ፣ የውሳኔውን ውጤት የሚኖርበት ሌላ ይሆናል።

ይህንን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በመጡት የሁከት ወራት በሯን በጊዜ ዘግታ ያመሸችው እናቴ ናት። እኔ ዜናውን ከኢንተርኔት አንብቤ፣ ተቆጥቼ፣ በሰላም እተኛ ነበር። ያ የፖለቲካ እምነቴ ከእኔ አንድ ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አልነሣም።

በቅርቡ ደወልሁላትና፣ «እማዬ፣ ብሩ ለአንቺ ነበር» አልኋት። የምን ብር እንደሆነ ለማስታወስ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ሳቀች፤ «ታዲያ ለማን ሊሆን ኖሯል?» አለችኝ።

ማንን እንደመረጠች ዛሬም አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።