ሎሚና ጥድ ለአንድ ጓሮ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባልና ሚስት በጠባብ ጓሯቸው ሲከራከሩ መስማት ደስ ይላል። እሱ «የፈረንጅ ጥድ እንትከል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲደርስም ይሸጣል» ይላል። እሷ ስኒ እየደረደረች «ምነው፣ ጥድ ሊበላ ነው እንዴ? ሎሚ ይሻለናል» ትለዋለች።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ጥድን ንቄ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለ ዛፎቹ አይታሰብም፤ የሐበሻው ጥድም ምስጥ የማይደፍረው ምሰሶ ሆኖ ስንት ቤት አቁሟል። የፈረንጁ ግን የአምባሰል ተዳፋት ይሻለዋል። ጓሮ ውስጥ ፀሐይ ይጋርዳል፤ ከሥሩ የተተከለ ጎመን መንምኖ ይቀራል።

ሎሚ የቤት ልጅ ናት። ቅጠሏን በጣት አሸት ቢያደርጉት ሽታው ቶሎ አይለቅም። አመልም አላት፤ እሾኋ ይቧጭራል፣ ውሃ ከተኛባት ሥሯ ይበሰብሳል፣ በጋ ላይ ከተጠማች አበባዋን ታረግፋለች። ቅጠሏን ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ተባይ ገብቷል። የተዳቀለች ችግኝ ከሆነች በሦስት በአራት ዓመት ፍሬ ትይዛለች።

ያኔ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው በዓይን ይታያል። ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ የመጣ ጎረቤት «ቤቶች! እስቲ አንድ ሎሚ» ብሎ በር ያንኳኳል። ጉንፋን የያዛት አሮጊት ለሻይዋ ትልካለች። ጎረምሳውም ለጥምቀት ሁለቷን መርጦ ኪሱ ይከታል፤ ለማን እንደሆነ እናቱም አትጠይቀው።

እንግዲህ ክረምቱ ሳይገባ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሎ መጠበቅ ነው።