ትንሽ ይጋነን!

ጋዜጠኝነት ስማር ከሁሉም በላይ ጆሮዬ እስኪደነቁር የተነገረኝ ነገር «ቅጽል ቀንሺ» የሚል ነው። «ብዙ ሕዝብ» አይባልም፤ ስንት ሰው እንደነበር ጠይቀሽ ጻፊ። «አስደንጋጭ» አይባልም፤ የሆነውን ንገሪና አንባቢው ራሱ ይደንግጥ። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ አምኜበት ተመርቄበታለሁ። ታዲያ ማታ ፊልም ላይ ስቀመጥ የምመርጠው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ቅጽል የሆነውን ነው። ደሙ እንደ ቀለም የሚረጭበት፣ ሰማዩ እንደ ነሐስ የሚያበራበት፣ ሰውየው አንዴ ሲዘል አየር ላይ ቁርሱን በልቶ የሚወርድበት ዓይነት! ከኮሚክ መጽሐፍ ተነሥተው ኮሚክነታቸውን ሳይደብቁ የመጡትን ፊልሞች ማለቴ ነው።

ጓደኞቼ ይሥቁብኛል። «አንቺ የተማርሽ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ይሉኛል። የእነሱ ምርጫ የክሪስቶፈር ኖላን ባትማን ነው፤ የጭንብሉና የመኪናው ነገር ሳይቀር ምክንያት የሚቀርብለት። ጥሩ ፊልም ነው፣ ጠብ የለኝም። ግን እስቲ አስቡት፤ የሌሊት ወፍ መስሎ ሌባ የሚያሳድድ ቱጃርን «እውነተኛ» ለማስመሰል ያን ያህል መድከም ምን ይባላል? የእኔዎቹ ገና ከመነሻቸው «ይሄ ተረት ነው፣ ተቀመጡና ላውጋችሁ» ይላሉ። አይሸነግሉኝም። የምወዳቸውም ለዚህ ነው።

«300»ን ውሰዱ። ፍራንክ ሚለር በ1998 እ.ኤ.አ. በኮሚክ ያወጣውን የቴርሞፒሌ ውጊያ ዛክ ስናይደር ፊልም አድርጎት በ2007 በየሲኒማ ቤቱ ታየ። የግሪክን ተራራና ባሕር አየሁ ያለ ተሸውዷል፤ ከጥቂት ቦታ በቀር የተቀረፀው ካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሰማያዊ መጋረጃ ተወጥሮ ነው። ገደሉም ደመናውም በኋላ በኮምፒውተር የገባ ነው። በ2005 የወጣው «ሲን ሲቲ»ም የሚለር ሥራ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይሄድና ድንገት አንድ ቀሚስ ብቻ ቀይ ሆኖ ብቅ ይላል። ዳይሬክተሩ ሮበርት ሮድሪጌዝ ሚለር አብሮት በዳይሬክተርነት እንዲጠራ ፈለገ፤ የዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ አልፈቅድም ሲል ማኅበሩን ጥሎ ወጣ። ለሥዕሉ ያላቸው ክብር እስከዚህ ድረስ ነው።

«300»ን መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ሶዶ፣ ታላቅ ወንድሜ ይዞኝ በገባበት ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተወጠረ ብርድ ልብስ፣ የበቆሎ እሸት ሽታ። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተሩ አይሞትም። ሺህ ጥይት ቢዘንብበትም አይሞትም። እዚህ ግን አክተሩ ሞተ! ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ልጅ «ግዴላችሁም፣ ክፍል ሁለት ላይ ይነሣል» ብሎ ሲያጽናናን ትዝ ይለኛል።

የሚገርመው ግነቱ ማንንም አልከበደውም። ቀለሙ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ዱንጉዛን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ቢጫው አያንሾካሹኩም፣ ይጮኻሉ። ለጊፋታ ሰው ሁሉ ለብሶት ሲወጣ ከተማው ራሱ ኮሚክ ይመስላል። በሥዕል ታሪክ መንገርም ፈረንጅ ያስተማረን አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን ከፋፍለው የሚተርኩት የአገራችን ሥዕሎች ከኮሚክ በምን ይለያሉ? በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣልማ ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ፊልም ሳይመጣ በፊት ቦሱን በዓይኑ ቁጥር እንለይ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያስለመዱኝ አያቴ ናቸው። የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ በ1887 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው፣ ቆስለው ተማረኩ። በደረቁ ይኸው ነው። አያቴ ሲያወሩት ግን የካዎ ጦና ጦር ዳሞታ ተራራን ተሻግሮ ይወድቃል፤ ፈረሳቸው ሲያናፋ ቅጠል ይረግፋል። ወሬው በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ ከዘመቻው ጋር ሄዶ ነበርና ያየውን እልቂት፣ ምርኮኛውንና የተነዳውን ከብት ጽፎ በ1896 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እንዲህ ያለ ምስክር ባይኖር ታሪክ አይቆምም። እሱ ያየው ግን ከዘማቹ ሰፈር ሆኖ ነው። ከዚህኛው ወገን በብዛት የተረፈን የሽማግሌ አፍ ነው፤ አፍ ደግሞ ቁጥር አያቆይም፣ ግነት እንጂ። ጦር ዳሞታን አይሻገርም። «ተሸነፍን እንጂ አላነስንም» የሚለው ስሜት ግን ውሸት አይደለም። ሊዮኒዳስም እኮ ተሸንፏል! ሰው ያስታወሰው በቁጥሩ አይደለም፣ በአወራሩ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «300» ውስጥ ፋርሶቹ ሰው አይመስሉም፤ ጭራቅ ናቸው። የኢራን መንግሥት በ2007 ፊልሙን በይፋ ተቃውሟል። ጠበቆቹ መልስ አላቸው፤ ታሪኩን የሚያወራው ዲሊዮስ የተባለ፣ በውጊያው አንድ ዓይኑን ያጣ የስፓርታ ወታደር ነው፣ ለጓዶቹ ወኔ ሊሰጥ እያጋነነ ነው ይላሉ። ጥሩ መልስ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ቀሪውን ግማሽ የማልቀበለው ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ በእንጨት ሰይፍ ስንጫወት «እኔ ፋርስ ልሁን» የሚል ልጅ ስለጠፋ ነው። ተራኪው አንድ ዓይና መሆኑን ልጅ አያስተውልም፤ ጭራቁን ግን አይረሳም። ሁሉም የየራሱን ተራኪ ይዞ ጎረቤቱን በጎን በሚሥልበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው ግነትን ማባረር አይመስለኝም። በ2018 የወጣው፣ በማግሥቱ ዓመት ኦስካር የወሰደው የስፓይደርማን አኒሜሽን፣ «ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ»፣ አንድ ፊልም ውስጥ ጥቁርና ነጩን፣ የጃፓን አሣሣሉን፣ የካርቱን አሳማውን ሳይቀር እያንዳንዱን በየራሱ መልክ አቁሟቸዋል። ማንም ማንን ሳይመስል አብረው ይዋጋሉ። ብዙ ተራኪ በአንድ ሸራ ላይ ይችላል ማለት ነው። እኛም ጀምረናል፤ «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በዚያው በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል።

የካዎ ጦና ተራ ሲደርስ ታዲያ ሠዓሊው ማን እንደሆነ ባላውቅም አደራ ልበለው። አጋንን፤ ጦሩ ዳሞታን ይሻገር፣ ሰማዩም ዱንጉዛ ይልበስ። ከማዶ የሚመጣው ወታደር ግን የአንዲት የሸዋ ወይም የወሎ እናት ልጅ ነውና፣ እሱንም ፊቱን ወደ እኛ አዙረህ በሁለት ዓይኑ ሣለው።