ከሳንቃ በር እስከ ግጭ፤ የባልና የሚስት የአንድ ቀን መንገድ

ባልና ሚስት በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ፣ በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ ብዙ ዘመን ይኖራሉ። ነገር ግን አንዱ የሌላውን እርምጃ በእውነት የሚያውቀው በረጅም የእግር መንገድ ላይ ነው። በከተማ አንዱ ቢፈጥን ሌላው ቢዘገይ ማታ በቤት መገናኘት አይቀርም፤ በተራራ ላይ ግን የቀደመና የዘገየ ይጠፋፋል። ስለ ሸክም አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ጨርሰውታል። ስለ እርምጃ ግን ተራራው የሚያስተምረው ሌላ ነገር አለና፣ እኛ ባልና ሚስት በኅዳር ወር በስሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃ በር እስከ ግጭ የሄድንበትን የአንድ ቀን መንገድ ለክቡራን አንባቢዎች እንጽፋለን።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ይገባል። ወደ ተራሮቹ የሚገባበት የደባርቅ ከተማ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ በፈሰሰና በተነባበረ ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዝናምና ወንዝ እየሸረሸሩት ገደል አደረጉት። ገደሉ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ራስ ዳሸንም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ስፍራው በ1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ዋልያው ስላነሰ፣ እርሻውና ግጦሹም ስለ በዛ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ከዚያ መዝገብ ወጥቷል።

ስንቅ ከማሰናዳት በፊት የአየሩን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ሳንቃ በር ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። በግጭ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚሳበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚሳበው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃም በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ምስርም አተርም ቶሎ አይበስልም። ሚስቲቱ ይህን አስባ ብዙ እሳት የማይፈልገውን ስንቅ፣ ይኸውም በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ አሰናዳች። በቅሎ መከራየት ይቻል ነበር፤ እኛ ግን ሸክማችንን በገዛ ጀርባችን ልንይዝ ወደድን። ሁሉ ሲመዘን 22 ኪሎ ሆነ። ባልየው ድንኳኑንና ውኃውን ጨምሮ 13 ኪሎ፣ ሚስቲቱ ስንቁንና የሌሊቱን ልብስ ጨምራ 9 ኪሎ ተሸከሙ።

ከጧቱ በ1 ሰዓት ተነሣን። የፓርኩ ደንብ እንደሚያዘው ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አብሮን ወጣ፤ በዕድሜ የገፋ የዚያው አገር ሰው ነው። በሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። መንገዱ የገደሉን አፋፍ እየታከከ የዛፍ ሽበት በተንዠረገገበት በአስታ ዛፍ መካከል ያልፋል። ጥቂት እንደ ሄድን ብዙ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ አገኘን። ጭላዳ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ይገኛል፤ ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ተቀምጦም ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይበላል። የወንዱ ጎፈር የአርበኛ ለምድ ይመስላል። በመካከላቸው ስናልፍ ቀና ብለው አዩንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ነገር ይህ ነው፤ ብርቱው ይቀድምና ቆሞ ይጠብቃል። ደካማው በደረሰ ጊዜ ብርቱው ዐርፏልና ወዲያው ይነሣል፤ ደካማው ግን ሳያርፍ ይከተለዋል። እንዲህ ሲሆን ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ዕረፍት ያጣል። እኛ ከመነሻችን ሚስቲቱ እንድትቀድም ተስማምተን ነበርና እርምጃው የእርስዋ ሆነ፤ እርስዋ ስትቆም ሁሉ ይቆማል፤ ስትነሣ ሁሉ ይነሣል። ጠባቂውም ይህን አይቶ ደስ አለው፤ «እሜቴ መንገድ ያውቁበታል» አለ።

በ5 ሰዓት ገደማ ከጅንባር ፏፏቴ ፊት ለፊት ደረስን። ውኃው ከአፋፉ ተወርውሮ 500 ሜትር ያህል ወደ ግጭ ገደል ይወርዳል፤ በኅዳር ስለሚቀጥን ነፋሱ እንደ ጭስ ይበትነዋል። በዚያ ምሳ በላንና ወደ ወንዙ ወርደን ተሻገርን። ከወንዙ በኋላ ያለው ዳገት ረጅም ነው። ከዳገቱ በላይ የግጭ መንደር የነበረበት ሜዳ ይገኛል። በዚያ ገብስ እያረሱ ከብት እያረቡ ይኖሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ እርሻቸው የነበረውን ሜዳ አሁን ሣር እየመለሰው ነው። ለዋልያውና ለሣሩ መልካም ሆነ፤ ነገር ግን አባቶቹ የኖሩበትን ምድር የለቀቀ ሰው ኀዘኑ ቀላል እንዳይደለ ማንም ያውቀዋል። በዚያ ስፍራ ሁላችንም ዝም ብለን አለፍን።

በ9 ሰዓት ከሰፈራችን ደረስን። ሐሳባችን ሸክሙን አስቀምጠን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ እሜት ጎጎ ለመሄድ ነበር። ከዚያ ሆኖ የስሜን ገደል በሦስት ወገን ይታያል፤ ባልየውም ይህን ለማየት ብዙ ዓመት ተመኝቷል። ነገር ግን ድንኳኑ ገና ሳይተከል ራሱን ያመው ጀመር፤ ምግቡም አስጠላው። ሕመሙ የያዘው ብርቱ የሚባለውን እንጂ ዝግተኛዋን አልነበረም። የከፍታ ሕመም ጕልበትን አይቶ አይመርጥምና፤ ወጣቱን ይዞ ሽማግሌውን፣ ተሸካሚውን ይዞ ባዶ እጁን የሚሄደውን ሊተው ይችላል።

ባልየውም ሚስቲቱ ከጠባቂው ጋራ ሄዳ እንድታይ ለመናት። እርስዋም «ለብቻዬ አይቼው ምን ይሆነኛል?» ብላ ሸክምዋን ፈታች። ጠባቂውም «ጌታው፣ ተራራው የትም አይሄድ፤ ነገም እዚሁ ነው» አለ። ከዚያም ሦስታችን ተማከርን። ሕመሙ ካልበረታ በዚያው ከፍታ ማረፍ ይበቃል፤ ነገር ግን ሰውየው ቢያስታውክ፣ እንደ ሰከረ ቢንገዳገድ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ጨለማ ነው ሳይባል ያን ጊዜውኑ ወደ ታች መውረድ ይገባል። ስለዚህ መብራቱን ከእጃችን አቀረብን፤ እስከ ሌሊቱ 2 ሰዓት ድረስ ካልተሻለው ወደ ሳንቃ በር ልንመለስ ቈረጥን።

ሚስቲቱ ዝንጅብል ያለበት ሻይ አፈላች፤ በየሰዓቱም ባልየውን አስነሥታ ቀጥ ብሎ እንዲራመድ ታደርገው ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ በረታ፤ በሜዳው ላይ የቆሙት ጅብራዎችም ጠቈሩ። ጅብራ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ፣ አብቦም የሚሞት ተክል ነው። 2 ሰዓት ሲሆን የራሱ ሕመም ጎደለ፤ በሶም ጠየቀ። ጠባቂው ሳቀና መብራቱን አጠፋ።

ስለዚህ ከቤተ ሰባቸው ጋራ ወደ ደጋ ለሚወጡ አንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው። ሸክሙ እንደ ጕልበት ይከፈል፤ እርምጃው ግን ለዘገየው ይሰጥ። የሚዘገየውም ማን እንደ ሆነ ጧት የታወቀ አይምሰላችሁ፤ ከቀትር በኋላ ሌላው ሊሆን ይችላልና። ከመነሻችሁ በፊት በምን ምልክት እንደምትመለሱ ተነጋገሩ፤ የታመመ ሰው ስለ ራሱ የሚፈርደው ፍርድ አይታመንምና ፍርዱ የጤነኛው ይሁን። እሜት ጎጎን በማግሥቱ ጧት በዝግታ ሄደን አየነው፤ ዋልያ ግን አላገኘንም።