ልጅ የወለወለችው አውቶቡስ

በአሜሪካ አሪዞና ክፍለ ግዛት፣ ከፊኒክስ ከተማ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ ካሊፎርኒያ ድንበር ሲቃረቡ፣ ኳርትዝሳይት የምትባል አነስተኛ የበረሃ ከተማ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 3000 እንኳ አልሞሉም። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚወጣ መንገዶቿ ጭር ይላሉ። የሰሜኑ ብርድ በሚበረታበት በታኅሣሥና በጥር ግን ቤታቸውን በጎማ ላይ ያደረጉ ሰዎች ከየአቅጣጫው ይጎርፉባታል። ከከተማዋ በስተደቡብ በሚገኘው ላ ፖሳ በተባለው የመንግሥት መሬት ላይ፣ ፈቃድ የከፈለ ሰው ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ለሰባት ወራት መስፈር ይችላል።

ቦታው ከጥንትም የመንገደኛ ማረፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ከአሜሪካ ጦር ግመሎች ጋር ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው ሐጂ አሊ የተቀበረው እዚሁ ነው። በ1902 የሞተው ይህ የግመል ነጂ፣ በመቃብሩ ላይ በ1935 የድንጋይ ፒራሚድ ቆሞለታል፤ በጫፉም የብረት ግመል ተቀምጧል።

በሰፈሩ ከሚታዩት ተሽከርካሪዎች ሁሉ ዓይን የሚስቡት ወደ መኖሪያነት የተለወጡት አሮጌ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ናቸው። በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ የተቋቋመው ሞተር ኮች ኢንዱስትሪስ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ካወጣቸው ብዙዎቹ፣ ጎናቸው ሸንተረር ባለው የማይዝግ ብረት ላሜራ የተሸፈነ ነው። ርዝመታቸው 12 ሜትር ያህል ይሆናል። ወንበሮቹ ተነቅለው አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃና የውሃ ታንከር ሲገባባቸው ለአንድ ቤተሰብ ይበቃሉ። አንዳንዱ በጡረታ ዘመኑ አገር ለማየት ይኖርባቸዋል፤ ሌላው ደግሞ የከተማው የቤት ኪራይ ከደመወዙ በላይ ሆኖበት ነው።

ከእነዚህ አውቶቡሶች በአንደኛው አጠገብ፣ አንዲት እናት ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር በማለዳ ስትሠራ አየን። ኪራይ አሸንፏት ቤቷን የለቀቀች ሠራተኛ ናት። ከዚህ ቀደም በነበሩበት ሰፈር ጓደኞቿ «ቤትሽ የት ነው?» ሲሏት ልጅቱ አንገቷን ትደፋ እንደነበር እናቲቱ አጫወተችን።

ሥራቸው የተከፋፈለ ነው። ከልጅቱ ትከሻ በላይ ያለው የእናቲቱ፣ ከዚያ በታች ያለው የልጅቱ ድርሻ ነው። በመጀመሪያ አቧራው በውሃ ይለቀለቃል፤ አሸዋው ሳይለቀቅ ቢታሽ ላሜራውን ይቧጭረዋልና። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና የራሰ ጨርቅ በሸንተረሩ አቅጣጫ ይሳባል። ክብ እየሠሩ ማሸት መስመሩን ስለሚያበላሽ አይመከርም። በሸንተረሮቹ መካከል ለተጣበቀው እድፍ የአዋቂ ጣት አይመችም፤ የልጅቱ ትንንሽ ጣቶች ግን በጨርቅ ተጠቅልለው እስከ ሥሩ ይገባሉ። በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ውሃው በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ በውስጡ ያለው ማዕድን ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ይቀራልና።

መሰላሉ፣ የኤሌክትሪክ መወልወያውና ኃይለኛው የብረት ማጽጃ ቅባት ወደ ልጅቱ እጅ አይደርሱም። ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ሥራው ያበቃል፤ የጋለ ላሜራ እጅ ያቃጥላል።

እናቲቱ ብቻዋን ብትሠራ ቶሎ እንደምትጨርስ አልደበቀችም። «ግን ያን ጊዜ አውቶቡሱ የእኔ ብቻ ይሆናል» አለችን። ልጅቱ መልኳን በላሜራው ውስጥ ካየች በኋላ ለሚያልፈው ሁሉ «ይህን የወለወልኩት እኔ ነኝ፤ ቤታችን ነው» ትል ጀመር።

ለመሆኑ ይህ ብረት ለምን አይዝግም? በውስጡ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለበት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ይተካል። በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው ይህ የብረት ዓይነት፣ ዛሬ በየማዕድ ቤታችን በድስት፣ በማንኪያና በዕቃ ማጠቢያ ገንዳ መልክ ይገኛል።

ስለዚህ የአውቶቡሱ ትምህርት ለእኛም ቤት ይሠራል። ተራ የብረት ሽቦ አይጠቀሙ፤ የሚጥለው ብናኝ ራሱ ዝጎ ዕቃውን ያበላሻል። በረኪናም ሽፋኑን ስለሚበላ ከዚህ ብረት ያርቁት። የውሃ ነጠብጣብ ከያዘው ጥቂት አቼቶ በውሃ በጥብጠው ያብሱትና በደንብ ያለቅልቁት። በረኪናንና አቼቶን ግን በፍጹም አያደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፣ ለዛሬ እራት ላይበቃ ይችላል። ከሥራ ደክሞን የምንገባ እናቶችም ጊዜ ለመቆጠብ ስንል «ዞር በል፣ አታበላሽብኝ» እንላለን። ሁልጊዜ ዞር ያልነው ልጅ ግን አድጎ እንዲያግዘን በፈለግን ጊዜ ለቤቱ እንግዳ ይሆንብናል። ማንኪያውን ታጥቦ ካለቀ በኋላ እንዲያደርቅ ይስጡት። ድርሻው ትንሽ ይሁን፤ ነገር ግን የራሱ ይሁን። ሴት ልጅ ሆነች ወንድ ልዩነት አያድርጉ። እሱ ዞር ሲል ደግመው አይወልውሉት፤ ካየዎት የሠራው ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ሥራው ከትምህርቱና ከጨዋታው ከወሰደበት እርዳታ መሆኑ ቀርቶ ሸክም ይሆናል። ይህም ለወለድነው ልጅ ብቻ የሚባል አይደለም፤ በዘመድ ስም ከገጠር መጥታ በቤታችን ለምትኖረው ልጅም ያው ነው። እሷም ብትሆን ጥቂት ወልውላ መልኳን አይታ የምትደሰት፣ ከዚያም ደብተሯን የምትይዝ ልጅ እንጂ የቤቱ ሠራተኛ ልትሆን አይገባም።