ወረቀቱን ማን ያመጣል?

ባለፈው ሴሚስተር በሳይንስ ዘገባ ኮርስ ርዕስ በዕጣ ተከፋፈልን። ለሌላው ወባና ቡና ሲደርሰው ለእኔ «የሴል ዑደት ፕሮቲኖችና የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ» ወጣብኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ማታ ላይብረሪ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ።

እንደምንም ጻፍኩት፤ በግቢው ሚኒ ሚዲያም ተነበበ። «ሴል ሊከፈል ሲል ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ከዚያ ያርፋል» ብዬ ነበር። አጭርና ለጆሮ የሚጥም ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ኮርቼበታለሁ። በማግስቱ ካፌ ወረፋ ላይ ባዮሎጂ የምትማረው የዶርሜ ልጅ ያዘችኝ።

«ስሚ እንጂ፣ ማይቶኮንድሪያውስ? የጡንቻሽ ሴል ባይከፈልም እኮ እሱ ይገለበጣል።»

መልስ አልነበረኝም። እንደገና ወደ ላይብረሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴላችን ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ከእናታችን የምንወርሰው የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ 16,569 ጥንድ ፊደላትና 37 ጂኖች። የኒውክሊየሱ ዲኤንኤ በአንድ ዑደት አንዴ ብቻ ይገለበጣል። የማይቶኮንድሪያው ግን ሴሉ ተከፈለም አልተከፈለም እየተገለበጠ ይተካል። ለዚህ ደግሞ ጥሬ ዕቃ ያስፈልጋል።

ቁም ነገሩ የገባኝ በፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፈተና ሲደርስ ወረቀት በካርቶን ይገባል። ክረምት ላይ ግቢው ጭር ሲል ግን ማንም አያመጣም፤ ኮፒ የሚፈልግ ሰው ግን አይጠፋም። በሴልም ውስጥ የዲኤንኤን ጥሬ ዕቃ ከሚያዘጋጁት ፕሮቲኖች አንዱ፣ አር-2 የሚባለው፣ የሚመረተው ሴሉ ለመከፈል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ነው፤ ክፍፍሉ ሲያበቃ ይፈርሳል። ለማይከፈለው ሴል «ወረቀቱን» የሚያመጣው ወንድሙ ፒ-53 አር-2 ነው። ስሙን ያገኘው፣ ዲኤንኤ ሲጎዳ የሴልን ዑደት ከሚያስቆመው ከፒ-53 ነው፤ እንዲመረት የሚያዘው እሱ ነውና።

ይህ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ሲደረግ ሥራው የተጎዳ ዲኤንኤ እንዲጠገን ማገዝ ነው ተባለ። በ2007 ግን ጂኑ የተበላሸባቸው ሕፃናት ሲመረመሩ በጡንቻቸው ውስጥ ያለው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ክፉኛ ተመናምኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ጡንቻቸው ዝሎ በጨቅላነታቸው ሞተዋል።

ይህን ሳነብ «ከዚያ ያርፋል» ያልኳት ነገር አሳፈረችኝ። የሴሉ እረፍት ያልኩት ጊዜ ለእነዚያ ልጆች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

በሳምንቱ ማረሚያ ጽፌ ራሴ ማይክሮፎኑ ላይ አነበብኩት። ድምፄ ተንቀጥቅጧል። ማን እንደሰማኝ አላውቅም፤ የዶርሜ ልጅ ግን ሰምታለች። ማታ ሻይ ገዛችልኝና «አሁን ገና ጋዜጠኛ ሆንሽ» አለችኝ።

የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ከባዱን ነገር ማቅለል ሥራችን ነው። ስናቀለው ግን የጣልነው ምን እንደሆነ፣ ከተጣለውም ውስጥ ሰው እንዳለበት እናጣራ።