ሮስተር የሚጠብቅ ቀዬ

ከአዲስ አበባ ወደ ዲክሲስ ሲሄዱ መንገዱ እስከ አዳማ ቁልቁል፣ ከአዳማ በኋላ ሽቅብ ነው። አዳማ ላይ ያወለቅኩትን ሹራብ ኢተያ ስንደርስ መልሼ ለበስኩት። ከኢተያ ወደ ምሥራቅ ተገንጥለን ወደ ሁሩታ ስናቀና የጭላሎ ተራራ በስተቀኛችን ደመና ተከናንቦ ይታያል። ወሩ ኅዳር ስለነበር ግራና ቀኙ የደረሰ ስንዴ ነው፤ እዚህም እዚያም ኮምባይነሮች አቧራ እያስነሱ ይመላለሳሉ። ጤፍ በማጭድ ሲታጨድ እያየሁ ላደግኩት ለእኔ፣ አንድ ሰፊ ማሳ ከረፋድ እስከ ቀትር ገለባ ብቻ ሆኖ ሲቀር ማየት አዲስ ነገር ነው።

አብሮኝ የሚጓዘው ወዳጄ ግን ይህን ሁሉ አላየም። ካፒቴን ነው። ሌሊቱን ከአውሮፓ ሲበር አድሮ ንጋት ላይ ቦሌ አረፈ፤ ዩኒፎርሙን ቀይሮ መኪናዬ ውስጥ ገባ፤ የፍጥነት መንገዱን ሳንይዝ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ዲክሲስ የተወለደበት አገር ነው፤ እናቱም ወንድሙም እዚያ ናቸው። ይዛን የምትሄደው በሁለት በረራዎች መካከል የተገኘች «ኦፍ»፣ የዕረፍት ቀን፣ ናት።

አብራሪ ለቀዬው ሰው ክንፍ ያለው ሰው ነው። ማታ አዲስ አበባ እራቱን በልቶ ቁርሱን ፍራንክፈርት የሚበላ ሰው ዲክሲስ መምጣት እንዴት ያቅተዋል? ጎረቤቶቹ ይህን ጥያቄ በቀልድም በቁም ነገርም ይጠይቁታል። መልሱ አጭር ነው፦ አብራሪው የሚሄደው ሮስተሩ ወዳዘዘው ነው። ሮስተር በየወሩ የሚወጣ የሥራ ሠሌዳ ነው። በረራው፣ ሲሙሌተር ላይ የሚደረገው ልምምድና ፈተና፣ ኦፉ፣ የዓመት ፈቃዱ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ስታንድባይ የሚባል ቀንም አለ። የዚያን ቀን አብራሪው አይበርም፤ ግን ስልኩ ከጮኸ ቶሎ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ አለበት። ስለዚህ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢውልም ከአዲስ አበባ መውጣት አይችልም። ለእናቱ ይህን ማስረዳት ውቅያኖስ ከማቋረጥ ይከብዳል።

የአብራሪ ሥራ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ከተማ ቤዝ ይባላል። በአሜሪካ አንድ አብራሪ ቤቱ በአንድ ጠረፍ፣ ቤዙ በሌላው ጠረፍ ሊሆን ይችላል፤ ትርፍ ወንበር ለምኖ በሌላ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሥራ ይገባል፣ በረራው ሲበዛም ከባልደረቦቹ ጋር በተከራያት አልጋ ያድራል። የእኛ አገር አብራሪ ከዚህ ተርፏል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ጀምሮ ማዕከሉ አዲስ አበባ ናት። አብራሪው ከአርሲም ይምጣ ከጎንደር ኑሮውን አዲስ አበባ ያደርጋል፤ ሌሊት የሚነሳ ከሆነ ሰርቪስ ከደጁ ይወስደዋል። የሚርቀው ሥራው ሳይሆን አገሩ ነው።

የመንገድ ድካም ጉዳይ ዓለምን ያነጋገረው እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ነው። ከኒውዋርክ ወደ ባፋሎ ይበር የነበረው የኮልጋን ኤር ኪው 400 አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ፣ መሬት ላይ የነበረን አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ካፒቴኑ አውሮፕላኑ ፍጥነት ማጣቱን ሲያስጠነቅቀው በተሳሳተ መንገድ ምላሽ መስጠቱ ነው አሉ። ነገር ግን የሁለቱም አብራሪዎች ቤት ከቤዛቸው ሩቅ መሆኑ ታወቀ። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል አካባቢ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተጉዛ ነበር የመጣችው። ከዚያ በኋላ የሟቾች ቤተሰቦች ባደረጉት ትግል የአሜሪካ የአብራሪዎች የሥራና የዕረፍት ሕግ ተለወጠ፤ አዲሱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። 

ወዳጄ ሁሩታን አልፈን ሲነቃ የጠየቅኩት ስለዚሁ ሕግ ነበር። «ሕጉ የሚያውቀው ሰዓት ነው» አለኝ እያዛጋ። እውነት ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም አብራሪ በ28 ቀን ከ100 ሰዓት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድለትም። የአውሮፓው ሕግ ቤዝ ላይ ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ የቀደመው ሥራ ከዚያ ከረዘመ ዕረፍቱም በዚያው ልክ ይረዝማል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ደግሞ ለብቻው ይታያል፤ የሰው ሰውነት አልነቃ የሚልበት ሰዓት ነው። የቦሌ ሥራ የሚጦፈው ግን በሌሊት ጭምር ነው፤ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ብዙዎቹ በረራዎች እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስተው ሲነጋ ይደርሳሉ። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 37,000 ጫማ ላይ እንዳለ የሚያርፍበትን ሜዳ አልፎ ሲሄድ፣ አብራሪዎቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር የሚል ዜና ዓለምን አዳረሰ። አየር መንገዱ አውሮፕላኑ ለጊዜው ከበረራ ተቆጣጣሪዎች ጋር ግንኙነት አጥቶ እንደነበር፣ በኋላም በሰላም ማረፉንና አብራሪዎቹ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ መታገዳቸውን አስታወቀ።

«12 ሰዓት ዕረፍት ለአዲስ አበባ ሰው ዕረፍት ነው» አለ ካፒቴኑ፤ «ለዲክሲስ ልጅ ግን ደርሶ መልስ ነው።»

ቤት ስንደርስ እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር። «አካም ቡልታኒ» አልኳቸው፣ ከማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ መርጬ። ቀኑ ወደ ከሰዓት ማዘንበሉን አላሰብኩም፤ ሳቁና በአማርኛ «እንደምን አደርክ ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ የታሸ ጩኮ ቀረበ፤ ወተት ተከተለ። ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ግድግዳውን ተደግፎ እንደገና አንቀላፋ። እማማ ልጃቸውን አልቀሰቀሱም። ፎጣ አምጥተው እግሩ ላይ ጣል አደረጉና ወደ እኔ ዞረው፣ «እኛ ጋ ሲመጣ ሊተኛ ነው የሚመጣው» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ኩራት ነበረበት። ልጃቸው የሚተኛው እዚህ ነው።

በዚህ ቤት «ሮስተር ወጣ?» የሚለው ጥያቄ «ዝናብ ዘነበ?» እንደማለት ነው። ወሩ ሊያልቅ ሲል የወንድሙ ልጅ አዲስ አበባ ደውሎ ቀኖቹን አንድ በአንድ ይጽፋል። እህታቸው ስትዳር የሰርጉ ቀን የተቆረጠው በዚያ ወረቀት ነው። ከጎረቤት ለቡና የመጡ አንድ ሽማግሌ እየሳቁ ነገሩን፦ «ድሮ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው ቀን የሚቆርጠው። አሁን ሮስተር ካልወጣ ሽማግሌም አይቀመጥም።»

ሰርግ ይጠብቃል። ቀብር አይጠብቅም። አባቱ ያረፉ ዕለት ካፒቴኑ ጓንዡ ሆቴል ውስጥ ዕረፍት ላይ ነበር። ቤተሰቡ ሙስሊም ነው፤ አባት በዚያው ቀን ተቀበሩ። እሱ ዲክሲስ የደረሰው ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ ነው። ከጓንዡ ራሱ አብርሮ መመለስ ይችል እንደነበር ጠየቅኩት። «ይቻል ነበር፤ ግን ልክ አይደለም» አለኝ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ደንብም ይህንኑ ይላል፦ አብራሪ በድካም ይሁን በሕመም ለመብረር ብቁ እንዳልሆነ ካወቀ መብረር የለበትም። የዕረፍት ሕግ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው «ደክሞኛል» በምትለው በአንዲት ቃል ላይ ነው። ያቺን ቃል ደግሞ ወንድ ልጅ እንዳይናገራት ሆኖ ነው ያደገው፤ በአርሲም፣ በጎጃምም። ካፒቴኑ ዛሬ ወጣት ረዳት አብራሪዎችን ሲያሠለጥን መጀመሪያ የሚያስተምራቸው ይህችን ቃል ማለትን እንደሆነ ነገረኝ።

ማታ ወንድሙ ከማሳ ተመለሰ። የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። እሱም ቤዝ አለው፣ እሱም ከቤቱ ይርቃል። የአርሲ ስንዴ ሲያልቅ ማሽኑ ተጭኖ ወደ ባሌ ይሄዳል፤ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያመርት ከዚያም ይመለሳል፣ እንደገናም ይጠራል። በመኸር ወራት ብዙውን ጊዜ የሚተኛው ማሽኑ ሥር ነው፤ ጤዛው ረግፎ እህሉ እስኪደርቅ ጠዋት ማጨድ ስለማይቻል፣ ረፋድ ላይ ጀምሮ እስከ ጨለማ ይሠራል። ለእሱ 100 ሰዓት የሚል ሕግ የለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ማን ይበልጥ እንደሚደክም ተከራከሩ። ኦፕሬተሩ አንድ ነገር ተናግሮ ክርክሩን ረታ፦ «እኔ መቼ እንደምሄድ ስንዴው ይነግረኛል፤ ሰኔ ላይ ሲዘራ ኅዳርን አውቀዋለሁ። አንተን ማነው የሚነግርህ?»

ያን ሌሊት ብዙ ያሰብኩት በዚህ ነው። የኦፉ ቁጥር ቢጨምር ጥሩ ነው፤ የዲክሲስ ሰዎች የጎደላቸው ግን ቁጥሩ አልመሰለኝም። ቀኑን ቀድሞ ማወቅ ነው። ከሁለት ወር በፊት የታወቀ አንድ ቀን ሰርግ ይቆረጥበታል፣ ልጅ ይዳርበታል፣ እናት ሐኪም ቤት ትወሰድበታለች። ለነገ ተብሎ በስልክ የመጣ ኦፍ ግን ከመተኛት ሌላ ምንም አይሆንበትም። የዕረፍት ሕግ ሰውነትን ይጠብቃል፤ ኑሮን የሚጠብቀው ሠሌዳው ቀድሞ መውጣቱና ከወጣ በኋላ አለመናወጡ ነው።

ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እኔ በእግር ትንሽ ስወጣ ያለከልከኝ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን እንደ ልቡ ነው። ከፍታውን ከሥራው ጋር ሲያነጻጽርልኝ ደስ አለኝ። ጄት አውሮፕላን እላይ ሲበር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ብዙውን ጊዜ እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ያለውን ያህል ይሆናል፤ ይህም 2,438 ሜትር ነው። አሰላ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሪምላይነር ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ 6,000 ጫማ፣ ማለትም ወደ 1,830 ሜትር ይወርዳል፤ ከአዳማ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ ካፒቴኑ ሳሃራን ሲያቋርጥ የሚተነፍሰው የአገሩን አየር ነው ማለት ነው። «ለዚህ ነው የማይናፍቀኝ» ብሎ ቀለደ፤ እማማ ግን አልሳቁለትም።

በመመለሻችን ከኢተያ ወደ አሰላ ጎራ አልን። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘን ሳለ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ካፒቴኑን ለይቶት መጣ። አሰላ የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር ናት፤ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ኃይሌ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር፣ ሲሮጥ ግራ ክንዱ የሚታጠፈውም ደብተር ይዞ ስለለመደ እንደሆነ እየሰማ ነው ያደገው። ተማሪውም ይህንኑ አንስቶ፣ «አብራሪ ለመሆን የቱንም ያህል መንገድ እሄዳለሁ» አለ። ካፒቴኑ በትሕትና አረመው፦ ሯጭን መንገድ ያጠነክረዋል፣ አብራሪን ግን ያደክመዋል፤ ኮክፒት ውስጥ የሚፈለገው ተኝቶ የመጣ ሰው ነው።

ተማሪው ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ቢሾፍቱ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አቡሴራ ላይ የሚሠራው፣ በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው በይፋ የተጀመረው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ በመሆኑ አውሮፕላኖች የበለጠ ጭነትና ነዳጅ ይዘው መነሳት ይችላሉ። ለአሰላና ለዲክሲስ ልጅ ቤዙ ወደ አገሩ ቀረበ ማለት ነው። አዲስ አበባ ቤት ለሠራው ባልደረባው ግን ራቀ። እስከ ዛሬ ሥራው ከተማው መሐል ስለነበር መንገዱን ማንም አልቆጠረውም፤ ያኔ ግን በየሌሊቱ የሚሄደው ሰርቪስ ስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚወስድ ሠሌዳ አውጪው መቁጠር ይኖርበታል።

ካፒቴኑ ለተማሪው የሒሳብና የፊዚክስ ውጤቱን እንዲያጠብቅ፣ እንግሊዝኛውን እንዲያሻሽል፣ ዓይኑንም እንዲመረመር ነገረው። እኔ ብጠየቅ አንድ እጨምርለት ነበር። ደሞዙን መጠየቅ አያሳፍርም፤ ከደሞዙ ጋር ግን ሮስተሩ ከስንት ቀን በፊት እንደሚወጣ፣ ከወጣ በኋላም ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ይጠይቅ። እናቱ የሚጠይቁት ሮስተሩን ነውና።